የሚያዝያ 27 ተዝካር ማንን ያበላል?

ሃምሳ አለቃ ጎረቤቴ ናቸው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ሕንጻ በር ላይ በዘበኝነት ይሠራሉ። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም። በ1991 ዓ.ም. ባድመ ግንባር ላይ ፈንጂ ወስዶታል። ማታ ማታ፣ ሰው ጋብ ሲል፣ አርቴፊሻል እግራቸውን ይፈቱና ግድግዳ ያስደግፉታል። አንድ ምሽት ሻይ ይዤላቸው ሄጄ ጠጋ ብዬ አየሁት። የማሰሪያው ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ጫማ ሰፊ ዘንድ ሁለቴ ተሰፍቷል። ከተቆረጠው እግራቸው የቀረው ከዓመት ዓመት እየከሳ ስለሄደ ዕቃው ሰፍቷቸዋል። ክፍተቱን በልጅ ካልሲ ሞልተውታል። ካልሲው ላይ ትንሽ ኳስ ተስላበታለች።

«የትንሹ ልጄ ናት፤ ጠበበችው» አሉኝ። «በጋውን ደህና ነኝ። ክረምት ሲገባ ግን ትረጥብና ታቆስለኛለች።»

ባለፈው ሚያዝያ 27 ተረኛ ነበሩ። ሰልፉ በሕንጻው ፊት ለፊት ነው ያለፈው። ጎፈር የደፉ፣ ጋሻ ያነገቡ ወጣቶች እየፎከሩ አለፉ። ከድምፅ ማጉያው ቀረርቶ ይሰማል። ሃምሳ አለቃ ክራንቻቸውን በሩ ላይ ትተው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሰልፉ እስኪያልቅ ድረስ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። ከሰልፈኛው ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። በምንስ ይለያቸዋል? የለበሱት የጥበቃ ሹራብ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። የአርበኞችን ቀን ስናከብር በእርግጥ የምናከብረው ማንን ነው? ጣሊያን የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ 15 ዓመት የሞላው የአርበኛ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። አደባባይ ላይ ጎፈር ደፍተው ከምናያቸው ውስጥ ብዙዎቹ የአርበኛ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ይህ የሚያስከፋ ነገር አይደለም። የአባትን ጋሻ ማንሳት ክብር ነው። ግን አንድ ክፍተት ይታየኛል። ልንረዳቸው የማንችላቸውን ሙታን በአበባ ጉንጉን እናስባለን፤ ልንረዳቸው የምንችላቸው ሕያዋን ደግሞ በር ላይ ቆመው ሰልፉን ያሳልፋሉ።

ጎጃም ውስጥ ይህ በዓል ሩቅ አገር የሆነ ነገር መታሰቢያ አይደለም። የድሉ መንገድ በዚሁ ነው ያለፈው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነስተው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ጥር 12 ቀን 1933 ነበር። ከዚያ በበላያ ተራራ፣ በቡሬ አድርገው መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ደረሱ፤ ጠላት ከተማዋን ከያዘባት ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ልክ አምስት ዓመት ሲሞላ። ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዙሮት ነበር፤ አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችበት ቀን ነው ብሎ። ኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ለእኛ ለማርቆሶች ሁለቱም ቀኖች የራሳችን ናቸው።

ንጉሡ ከመምጣታቸው በፊት ግን አምስት ዓመት ሙሉ የተዋደቀ ሰው ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ ብቸና ላይ ደግሞ አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ። እነዚህን ስም ያላቸውን ሁሉም ያውቃል። ስንቅ የቋጠረችው፣ በሌሊት ወሬ ያደረሰችው፣ ቁስለኛ በጎተራ ጀርባ የደበቀችው ሴት ግን ስሟ የትም አልተጻፈም። እነዚህን ነው ሰው «የውስጥ አርበኛ» የሚላቸው። ስማቸው ያልተጻፈው ሥራቸው ስላነሰ አይደለም። የሚጽፍላቸው ስላልነበረ ነው።

ከድል በኋላ የሆነውን ጎጃሜ አይረሳውም። በላይ ዘለቀ ለአምስት ዓመት ጣሊያን ያልያዘው ሰው ነው። ጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ በንጉሡ መንግሥት ፍርድ በስቅላት ሞተ። ክርክሩ ብዙ ነው፣ እዚህ አልገባበትም። ግን ያ ነገር በዚህ አገር ሰው ልብ ውስጥ አንድ ጠባሳ ትቷል። የተዋጋ ሰው ውለታው በማን እጅ፣ በምን ሚዛን ይከፈላል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጀምሮ ክፍት ነው።

የዚያ ዘመን መንግሥት ውለታን የሚከፍለው በዋናነት በሦስት ነገር ነበር፤ በሹመት፣ በሜዳይና በመሬት። ለአርበኛውም፣ በስደት ለቆየውም አንድ አንድ ጋሻ መሬት እንዲሰጥ ታዟል። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ነው። በወረቀት ሲታይ ትልቅ ነገር ነው። ግን ለስጦታ የሚሆነው የመንግሥት መሬት በብዛት ያለው በደቡብ ነበር። የብቸና ገበሬ ያን መሬት ለማግኘት አዲስ አበባ ወጥቶ ደጅ መጥናት፣ ጸሐፊ መያዝ፣ ምስክር መቁጠር ነበረበት። ደጅ ለመጥናት ስንቅ ያለው አገኘ፤ የሌለው ሜዳዩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። ይህን ያነሳሁት ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም። የዛሬውም ችግር ያው ስለሆነ ነው። ድጋፉ በሕግ አለ። ወደ ድጋፉ የሚወስደው መንገድ ነው የሚረዝመው።

እስቲ ጡረታውን እንየው። የወታደር ጡረታ እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ራሳቸው ጡረተኞቹም ጭምር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 714 ስሌቱን እንዲህ አስቀምጦታል። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ሲቪሉ 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ወታደሩና ፖሊሱ 1.65 በመቶ ነው። ጣሪያው 70 በመቶ። ሕጉ ወታደርነት ከሌላው ሥራ እንደሚከብድ ያውቃል ማለት ነው፤ የልዩነቱ ዋጋ በዓመት 0.4 በመቶ ነው።

ለምሳሌ 20 ዓመት ያገለገለ ወታደር እንውሰድ። 30 በመቶው አለ፤ ለቀሪው 10 ዓመት 16.5 ይጨመራል፤ 46.5 በመቶ ሆነ። ደመወዙ 2,000 ብር ከነበረ ጡረታው 930 ብር ነው። ቢሞት ሚስቱ የዚያን ግማሽ ታገኛለች፤ 465 ብር። ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ 20 በመቶ፤ 186 ብር። መንግሥት በየጊዜው ማስተካከያ ያደርጋል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አዋጅ ቁጥር 1267 ወጥቷል። ግን የስሌቱ ሥር አልተነካም። ጡረታ የሚሰላው ሰውየው መለዮውን ባወለቀበት ዘመን ደመወዝ ነው። የሚኖረው ግን በዛሬ ገበያ ነው። የማርቆስ ገበያ ደግሞ «ደመወዝህ ያኔ ስንት ነበር?» ብሎ አይጠይቅም። ጤፍ ሻጩ ዋጋውን ይነግርሃል፤ አለቀ።

ለዚህ ነው ሃምሳ አለቃ ዘበኛ የሆኑት። የጉዳት ጡረታ አላቸው። በሕክምና ቦርድ ነው ከጦሩ የወጡት። የጡረታ ብሩ የቤት ኪራያቸውን ይከፍላል። ዘበኝነቱ ያበላቸዋል። ሁለቱ ተደምረው ለአዲስ እግር አይተርፉም። እግሩ ራሱ በነጻ ሊሠራላቸው ይችል ነበር፤ ባሕር ዳር የአካል ድጋፍ ማዕከል አለ። ግን ከማርቆስ ባሕር ዳር ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልኬት አለ፣ መሞከር አለ፣ መለማመድ አለ። ቀናት ይወስዳል። የመኪናውን፣ የአልጋውን፣ የምግቡን ብር ማን ይስጥ? ከሥራ የቀሩበትንስ? መንገዱም በእነዚህ ዓመታት አንድ ቀን ክፍት፣ ሦስት ቀን ዝግ ነው። «ሄጄ ብቀር ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዝብኛል» ይሉኛል። ስለዚህ ካልሲው ይቀጥላል።

ሃምሳ አለቃ ደግሞ ከታደሉት ናቸው። ፋይል አላቸው፤ መታወቂያ አላቸው፤ የቦርድ ወረቀት አላቸው። ወረቀት የሌለውስ?

በ1969 ዓ.ም. ደርግ ታጠቅ ጦር ሰፈር 300 ሺህ ገደማ ሚሊሺያ አሠለጠነ። የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር ድንበር ሲሻገር ከዚያ ውስጥ ብዙው ወደ ምሥራቅ ተጫነ። የጎጃም ገበሬም ጥማዱን ፈትቶ ሄደ። ጅጅጋና ካራማራ የካቲት 1970 ሲመለሱ እዚያ የወደቀው ገበሬ ነው፣ የዘፈንንለት ግን በጅምላ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት ያገለግላል ተባለ። ሁለት ዓመቱ ጦርነቱ እስኪያልቅ ሆኖ የቀረበት ብዙ ነው። አጎቴ አንዱ ነበር። በ1983 በእግሩ መጣ። አያቴ በሩ ላይ ቆሞ አይታው መጀመሪያ የኔ ቢጤ መስሏት ቁራሽ እንጀራ ይዛ ወጣች።

የእነዚህ ሰዎች ነገር ከጡረታ አዋጁ ጋር አይገጥምም። አዋጁ በዋናነት የሚያውቀው ደመወዝን፣ ፋይልንና 10 ዓመትን ነው። ሚሊሺያው ብዙ ጊዜ እንደ መደበኛው ጦር የተደራጀ የአገልግሎት ፋይል አልነበረውም። ሁለት ዓመት ወይም አምስት ዓመት ያገለገለውም 10 አልሞላውም። ደሙ ግን ሙሉ ነው የፈሰሰው።

በዚህ በኩል ደርግ አንድ ነገር አድርጎ ነበር፤ ዛሬም ማስታወስ ያለብን ይመስለኛል። የዘማች ማሳ በገበሬ ማኅበር ይታረስ ነበር። ባል ግንባር ከሄደ ሚስቱ መሬቷን ጦም አታሳድርም፤ አባላቱ ወጥተው ያርሱላታል፣ ያጭዱላታል። እንከን ነበረበት። ሽማግሌዎች ሲያወሩ እንደሰማሁት ብዙ ቦታ የዘማች ማሳ የሚታረሰው የራስ ማሳ ካለቀ በኋላ ነበር፤ የዘገየ ዘር ደግሞ ምርቱ ያነሰ ነው። ቢሆንም ሐሳቡ ከደቦ የወጣ ነው። ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ለዘማች ቤት ብር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አልተጠበቀም። የጎረቤት በሬ መጣ።

ከ1983 ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ደርግ ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። የተሸነፈ ጦር ነው። በዚያው ዓመት የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ። ብዙውን ገበሬ ወደ ቀዬው መለሰ፤ ቀለብና የእርሻ ግብዓት ሰጠ። በቂ ነበር ማለቴ አይደለም። በየከተማው አውቶቡስ መናኸሪያ መለዮውን ሳያወልቅ የሚለምን ወታደር ያየ ትውልድ አለ፤ «የደርግ ወታደር» መባል ራሱ ስድብ የሆነበት ጊዜ ነበር። ግን አንድ ነገር ተረጋግጧል። ያሸነፈ መንግሥት የተሸነፈን ወታደር ሊያቋቁም እንደሚችል ታይቷል። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽንም ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ነው ያቀደው። መነሻው ያው ነው፤ ከጦርነት የወጣ ሰው ብቻውን ከተተወ ለራሱም ለአገሩም አይሆንም።

ዛሬ ጎጃም ላይ ሆኖ ስለ ወታደር መጻፍ ቀላል አይደለም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ያለው ነገር ይታወቃል። በአንድ እናት ልጆች መካከል አንዱ መለዮ ለባሽ፣ አንዱ ጫካ የገባበት ቤት አለ። «ጀግና» የሚለው ቃል ራሱ ሲነገር ሰው መጀመሪያ የተናጋሪውን ፊት ያያል። መንገድ ሲዘጋ፣ ባንክ ሲዘጋ የወር ጡረታውን ለማውጣት ሁለት ከተማ የተመላለሰ ሽማግሌ አውቃለሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ አርበኛ ቀን ማውራት ለአንዳንዱ ቅንጦት ይመስለዋል። ለእኔ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ እግሩን የሚያጣው የ20 ዓመት ልጅ፣ በየትኛውም ወገን ይሁን፣ ከ30 ዓመት በኋላ የሆነ ሕንጻ በር ላይ ይቆማል። ለሃምሳ አለቃ ዛሬ የምናደርገው ነገር ለዚያ ልጅ የምንሠራለት ልማድ ነው።

እንግዲህ ልማድ ካልን፣ ጎጃም የራሱ አለው። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ነገሩ በቀብር አያበቃም። ሠልስቱ አለ፣ አርባው አለ፣ ሙት ዓመቱ አለ። ተዝካር ሲወጣ ጠላ ይጠመቃል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ። ከዚያ ማዕዱ ይቀርባል። የሚበላው ማነው? ሟቹ አይደለም። የቆሎ ተማሪው ነው፣ የኔ ቢጤው ነው፣ አልጋ ላይ የዋለው ጎረቤት ነው፤ ለእሱማ በአገልግል ቤቱ ድረስ ይላክለታል። ዲማ ወይም መርጡለ ማርያም የተማረ ካህን ካገኛችሁ ጠይቁት፤ ልጅነቱን በስንት ሰው ተዝካር እንዳደገ ይነግራችኋል። የሟች ስም የሚጠራው በሕያው አፍ ነው፤ ያ አፍ ደግሞ መጀመሪያ መብላት አለበት። አያቶቻችን ይህን ያለ አዋጅ ነው የሚያውቁት።

የአገር ተዝካር ነው ሚያዝያ 27። ፍትሐቱ አለ፤ ፉከራው፣ ንግግሩ፣ አበባው ሁሉ አለ። ማዕዱ ነው የጎደለው።

ሌላ አገር እንዴት አደረገው ብንል ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በራሳችን ወታደሮች አይተነዋል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ጦር ኮሪያ ዘመተ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ አንድም ምርኮኛ አልሰጡም። ኮሪያውያን ቹንቾን ከተማ ላይ መታሰቢያ ሠሩላቸው። እስከ ዛሬም ለዘማቾቹ ድጋፍ ይመጣል፤ ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። ሦስት ትውልድ ድረስ ማለት ነው። ለአንድ ዘመቻ።

ማዕዱ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አደባባዩ ላይ ድንኳን ይተከላል፤ ለክብር እንግዳ። አጠገቡ ሌላ አንድ ድንኳን ይተከል። አንድ የጡረታ ሠራተኛ ይቀመጥ፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ የአካል ድጋፍ ባለሙያ ከባሕር ዳር። በዚያች ቀን ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ብቸና፣ ሞጣ ላይ የእግር ልኬት ቢወሰድ ሃምሳ አለቃ 250 ኪሎ ሜትር አይሄዱም። የጡረታ ደብተሩ የጠፋበት ሰው ጉዳዩን እዚያው ይናገራል። እድሮችም አሉ። እድር ለቀብር ድንኳንና ብረት ድስት አለው፤ በየእድሩ ውስጥ ስንት የቀድሞ ወታደር፣ ስንት የዘማች ሚስት እንዳለ የሚያውቀውም እሱ ነው። ከየትኛውም ቢሮ መዝገብ ይልቅ የእድር ዳኛው ቃል ትክክል ነው።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ግን ምስክር ነው። ወረቀት ለሌለው ዘማች ያለው ማስረጃ አብሮት የነበረ ሰው ነው። ለጥንቶቹም አርበኞች በምስክር ነበር የሚጻፈው። ካራማራ ላይ የ20 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ወደ 70 ተጠግቷል። በየዓመቱ ምስክር እየሞተ ነው። ከምስክሩ ጋር የመበለቷም ጉዳይ አብሮ ይቀበራል።

አንድ እናት አውቃለሁ፤ ሉማሜ አካባቢ ነው የሚኖሩት። ዛሬ ቆብ ጭነዋል፣ እማሆይ ናቸው። ባላቸው በ1969 ሐምሌ ላይ፣ የጤፍ መሬት ለስልሶ ሳለ፣ ወደ ምሥራቅ ተጫነ። በዓመቱ መርዶ መጣ። መርዶውን ያመጣው ሰው ቃሉን ብቻ ነው ይዞ የመጣው፤ ወረቀት አልነበረውም። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። አሳደጓት፣ ዳሯት። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው «ማስረጃ ያምጡ» ተባሉ። ተመልሰው አልሄዱም።

ከባላቸው ጋር የዘመቱ አራት የቀበሌው ልጆች በሕይወት ተመልሰው ነበር። ሦስቱ ሞተዋል። አራተኛው ደጀን ነው ያለው፤ ዐይኑ ጠፍቷል። ባለፈው ፋሲካ የልጅ ልጁን ወደ እማሆይ ላከው። መልእክቱ አጭር ነበር። «እኔ እዚያው ነበርሁ። የት እንደቀበርነው አውቃለሁ። ሳልሞት መጥተው ይጠይቁኝ በሏት።»